ከሮማናት እስከ ኲሓ፦ በመቀሌ ላሉ የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የተከፈቱ ዕድሎችና መድረኮች

መቀሌ ላይ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዲግሪውን የሚማር ሰው የስኮላርሺፕ ማስታወቂያ ሲደርሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የወር አበሉ ላይ ነው። ቀድሞ ማየት ያለበት ግን የዕድሜ ገደቡንና የመጨረሻው ዲግሪ የተሰጠበትን ዓመት የሚጠይቀውን መስመር ነው። በሌላ ከተማ ላለ ተማሪ ይህ ከብዙ መስፈርቶች አንዱ ነው። ትግራይ ውስጥ ላለ ተማሪ ግን ብዙ በር የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ ቆየ፣ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቆመ፣ መረጃ ሰብስቦ የጨረሰው ሊጽፍ፣ ያልጨረሰው ሊቀጥል አልቻለም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን መልሶ መቀበል የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. በ23 ዓመቱ የተመረቀ ወጣት በ2015 ማብቂያ 27 ሞላው። በስኮላርሺፕ ሰጪው ዓይን ይህ ሰው ከተመረቀ 4 ዓመት ያለፈው አመልካች ነው፤ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ያህሉን በሩ ተዘግቶበት እንዳሳለፈ ቅጹ አይጠይቅም።

ስለዚህ ከዚህ በታች ዕድሎቹ የተቀመጡት በዝናቸው ወይም በገንዘባቸው መጠን አይደለም። የትኛው ቀድሞ እንደሚዘጋ ታይቶ ነው።

ሰዓት የሚቆጥሩት

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ (ቱርኪዬ ቡርስላሪ) በሙስሊም ተማሪዎቻችን ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በአሁኑ ስሙ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ማመልከቻው በየዓመቱ ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 ገደማ (እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20) ክፍት ይሆናል። ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች፣ ለፒኤችዲ ከ35 ዓመት በታች መሆንና ቢያንስ 75 ከመቶ ውጤት ይጠይቃል። የትምህርት ክፍያ፣ የወር አበል፣ መኖሪያ፣ የጤና መድን፣ የአንድ ዓመት የቱርክኛ ቋንቋ ትምህርትና የደርሶ መልስ ትኬት ይሸፍናል። ለማመልከት ምንም ክፍያ የለም። «እኔ ላስገባልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ እናንተው በነፃ የምትሞሉትን ቅጽ እየሸጠላችሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን ከየካቲት ጋር እየተጋጠመ ነው። ቅጹን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየ ሰው በጾም ላይ፣ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሰነድ ሲጭን ይገኛል። በሩ ጥር መጀመሪያ ላይ ሲከፈት የሞላ ሰው ግን ረመዳኑን ለዒባዳው ያቆያል።

ሁለተኛው የጀርመኑ ዳአድ ነው፤ ቢሮው አዲስ አበባ አለ። ለእኛ የሚቀርበው በአገር ውስጥና በአካባቢው አገራት ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ አፍሪካውያን የሚሰጠው ድጋፍ ነው፤ ተማሪው ጀርመን መሄድ ሳይጠበቅበት እዚሁ አህጉር ላይ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ ይማራል። ጀርመን ውስጥ ለሚሰጡት ከልማት ጋር የተያያዙ የማስተርስ ትምህርቶች ደግሞ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። በሁለቱም ዘንድ ጥብቁ መስመር የመጨረሻው ዲግሪ ከ6 ዓመት በላይ ያልቆየ መሆኑ ነው። በ2011 ክረምት የተመረቀ ሰው 6 ዓመቱ በ2017 ክረምት ሞልቷል። ከዚያ በኋላ የተመረቀ ሰው ዛሬውኑ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ይቁጠር።

ሦስተኛው የአፍሪካ ኅብረት ፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው። መሠረታዊ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በኬንያ፣ የሕይወትና የመሬት ሳይንስ በናይጄሪያ ኢባዳን፣ አስተዳደርና ማኅበራዊ ሳይንስ በካሜሩን ያውንዴ፣ የውኃና የኢነርጂ ሳይንስ በአልጄሪያ ትለምሰን ይሰጣሉ፤ የኅዋ ሳይንስ ደቡብ አፍሪካ ነው። ለማስተርስ የወንዶች ገደብ 30፣ የሴቶች 35፤ ለፒኤችዲ የወንዶች 35፣ የሴቶች 40 ነው። በተለይ የትለምሰኑን ልብ በሉ። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ በደረቅ መሬት፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ጥናት የተሠራ ስም አለው፤ ከዚያ ወጥቶ ስለ ውኃ ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የቀረበ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

በዕድሜ ብቻ የማይለዩት

ሠላሳን ለተሻገረ ሰው ዓለም አልጠበበችም። በሳውዲ ዐረቢያ ቱወል የሚገኘው የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ (ካውስት) እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ድኅረ ምረቃ ላይ ያተኮረ ተቋም ነው። የተቀበለው የማስተርስም ሆነ የፒኤችዲ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ አበል፣ መኖሪያና የሕክምና ሽፋንም ያገኛል። የሚለየው በውጤት፣ በምርምር ዝግጁነትና በእንግሊዝኛ ፈተና ነው፦ ቶፍል 79 ወይም አይኤልትስ 6.5። ሳውዲ ለዲን ትምህርት ብቻ የሚኬድባት የሚመስላቸው ወላጆች ስላሉ ነው ይህን የማነሳው፤ ኬሚስትሪ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠና ልጅ እዚያ ሰፊ ቦታ አለው።

ዐረብኛ ላላቸው ደግሞ የዶሃ የድኅረ ምረቃ ጥናት ተቋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የተከፈተው፤ ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብዓዊ ጥናቶችን በዐረብኛ ያስተምራል፤ እንግሊዝኛም ይጠይቃል። ከውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች «ታሚም» የተባለ ስኮላርሺፕ አለው። መድረሳ ውስጥ ዓመታት አሳልፎ፣ በመደበኛ ትምህርትም ታሪክ ወይም ሶሲዮሎጂ የተመረቀ ወጣት በሌላ ቦታ ሁለቱን ዕውቀቶቹን አንድ ላይ የሚያስቆጥርለት አያገኝም። እዚህ ግን ሁለቱም ይቆጠሩለታል።

የእስላማዊ ልማት ባንክን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል፦ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም፣ ታዲያ እኛን ይመለከተናል ወይ? ይመለከታል። ባንኩ አባል ባልሆኑ አገራት ለሚኖሩ ሙስሊም ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን የትምህርት ድጋፍ የጀመረው በ1404 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. በ1983) ነው። አሠራሩ ሲነደፍ ገንዘቡ ለማኅበረሰቡ ስጦታ፣ ለተማሪው ግን ቀርድ ሐሰን ማለትም ወለድ የሌለው ብድር እንዲሆን ነበር፤ ተመርቆ ሥራ የያዘው ይከፍልና ገንዘቡ እዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ቀጣዩን ተማሪ ያስተምራል። ሪባን ፈርተው ብድር የሚለውን ቃል ሲያዩ ቅጹን የሚዘጉ ልጆችን አውቃለሁ። ይህ ያ አይደለም። ኋላ ላይ የማስተርስ፣ የፒኤችዲና የድኅረ ዶክትሬት መርሐ ግብሮች ተጨምረዋል፤ የክፍያ ግዴታው በየመርሐ ግብሩ ስለሚለያይ ከመፈረም በፊት ውሉን አንብቡ።

ለእህቶች

በሳይንስ ዘርፍ ማስተርስ ያላት እህት ልታውቀው የሚገባ ድርጅት በጣሊያን ትሪየስቴ የተቀመጠው ኦደብሊውኤስዲ፣ በታዳጊ አገራት ያሉ የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት ነው። የፒኤችዲ ድጋፉ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ወደ ኋላ ለቀሩ አገራት ሴቶች የተለየ ነው፤ ኢትዮጵያ ከእነዚህ አንዷ ናት። ትምህርቱ የሚካሄደው በሌላ ታዳጊ አገር ውስጥ ነው። ቤተሰብ ያላትን ሴት የሚጠቅመው ግን «ሳንድዊች» የሚባለው መንገድ ነው፦ ምዝገባዋ በአገሯ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ፣ የላቦራቶሪ ወይም የመስክ ሥራዋን ብቻ ለተወሰኑ ጊዜያት ውጭ ሄዳ ትሠራለች። ባልና ልጅ ያላት፣ እናቷን የምታስታምም ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ መሄድ አልችልም ብላ የተወችው ፒኤችዲ በዚህ መንገድ ሊያልቅ ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. በአክሱም በሂጃብ ምክንያት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ መታገዳቸውን አንባቢ ያስታውሳል። አንዲት ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ ከቆመች ስለ ፒኤችዲ የሚጻፈው ሁሉ ለእሷ አይደርስም። በዓይደርም ሆነ በእንዳየሱስ ዛሬ ድኅረ ምረቃ ላይ ያሉ እህቶች ቁጥራቸው ቢያንስም፣ ለታናናሾቻቸው የማመልከቻ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ ከማንም በላይ ማሳየት የሚችሉት እነሱ ናቸው።

ሳይወጡ፣ እዚያው መቀሌ

ሁሉም አይሄድም፤ ሁሉም መሄድም የለበትም። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ በዛሬ መልኩ የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ሁለት ኮሌጆች ተዋሕደው ነው። ዋናው ግቢ እንዳየሱስ ነው፤ ቢዝነስ፣ ሕግና ማኅበራዊ ሳይንስ አዲ ሃቂ፣ ጤና ሳይንስ ዓይደር ናቸው። ግቢዎቹ በመራራቃቸው አንዱ ጋ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሌላው ጋ አይሰማም። ከየግቢው የሚመጡ ተማሪዎች ለመገናኘት የሚቀላቸው የከተማዋ መሀል የሆነው ሮማናት አደባባይ ስለሆነ፣ በሳምንት አንድ ቀን እዚያ ሻይ ተጠጥቶ የሦስቱ ግቢ ወሬ ቢለዋወጥ ከብዙ የቴሌግራም ቻናል ይሻላል።

አዲስ ገቢዎች ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና (ጋት) ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ከገቡ በኋላ ትልቁ የገንዘብ ምንጭ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ አይደለም፤ አማካሪው መምህር የያዘው ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከቤልጂየም ፍላንደርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ከአስር ዓመት በላይ የቆየው ትብብር፣ ከኖርዌይ ጋር የተሠሩትም እንዲሁ፣ ብዙ ማስተርስና ፒኤችዲ ያወጡት ተማሪን ፕሮጀክት ውስጥ አስገብተው የመስክ ወጪውን በመሸፈን ነው። ስለዚህ ርዕስ ከመምረጣችሁ በፊት ለአማካሪያችሁ የምታቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «በእጅዎ ያለ ፕሮጀክት አለ ወይ?» ይሁን።

በማኅበራዊ ሳይንስ ላይ ያላችሁ አዲስ አበባ የሚገኘውን ኦስሪያን (እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተ) እና ዳካር የሚገኘውን ኮድስሪያን (እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተ) ተከታተሉ። የጥናት ዘዴ ሥልጠናና ለቴሲስ መጻፊያ አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጡ አንጋፋ አፍሪካዊ ተቋማት ናቸው። ኢኮኖሚክስ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከወለድ ነፃ ባንክን አትለፉት፤ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ስለሆነ ገና ያልተነካ ጉዳይ ሞልቶበታል።

ደጃፍ ላይ ያለው መስክ

አሁን እኔን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከሮማናት ተነስቶ ወደ ምሥራቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው ኲሓ ይደርሳል። እዚያ አካባቢ በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ማለትም በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ሂጅሪያ፣ በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። በላያቸው የሟቹ ስም፣ የአባቶቹ ስም፣ የቁርኣን አንቀጾችና የሞተበት ቀን ይገኛል። ፈረንሳዊቷ ማድሌን ሽናይደር ንባባቸውን እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትማለች። አጻጻፋቸው በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች ላይ ካሉት የመቃብር ድንጋዮች ጋር ይመሳሰላል፤ ይህም የዚያን ዘመን ነጋዴ ከባሕሩ እስከ እንደርታ ደጋ ድረስ እንደዘለቀ ያሳያል።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። በኤክስ ማርሴይ ዩኒቨርሲቲው ዡልየን ሏዞ የሚመራውና በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት የተደገፈው ሆርንኢስት የተባለ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በኲሓ ዳርቻ ቢለት በተባለ ቦታ የሙስሊም መቃብር ሥፍራ ቆፍሯል። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 አንቲኩዊቲ በተባለው የአርኪዮሎጂ መጽሔት ወጥቷል። ከ10ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን እዚያ የኖረ ሙስሊም ማኅበረሰብ እንደነበረ አሳይቷል። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ተሳትፈውበታል፤ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲም ጭምር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

እንግዲህ እናስተውል። እነዚህን ድንጋዮች በደንብ ለማጥናት የሚያስፈልገው ዐረብኛ ማንበብ፣ ቁርኣንን ማወቅ፣ የነሰብ ስሞችን መለየት፣ ትግርኛ ተናግሮ የአካባቢውን ሽማግሌ መጠየቅ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ሰው ፓሪስ ውስጥ ብርቅ ነው፤ በመቀሌ መስጂዶች የጁምዓ ሰፍ ላይ ግን ብዙ አለ። የጎደለው የአርኪዮሎጂና የታሪክ ሥልጠናው ነው፤ እሱም በዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፤ የጥንተ ከባቢና የቅርስ ጥበቃ ኢንስቲትዩትም አለው። በዐረብኛ ጽሑፍ ላይ ቴሲስ ልሥራ ብሎ የሚመጣ ተማሪ ለታሪክ ክፍሉ ሸክም አይሆንም፤ እንዲያውም ክፍሉ በቀላሉ የማያገኘውን ቋንቋ ይዞለት ይመጣል።

ከመቀሌ ወደ ሰሜን፣ ውቅሮን አልፎ ያለው ነጃሺም እንዲሁ ነው። መስጂዱ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ተመቷል። ምን እንደነበረ፣ ምን እንደፈረሰ፣ ምን እንደተጠገነ በፎቶ፣ በልኬትና በሽማግሌዎች ቃል መመዝገብ አንድ የማስተርስ ጥናት ብቻውን አይጨርሰውም። የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ነገር ጊዜው ነው፤ የሚያስታውሱት አዛውንቶች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው።

ከትግራይ ውጭ መንገድ የጠረጉም አሉ። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው የወሎን እስልምና ታሪክ ጽፈዋል፤ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪል ታትሟል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም (እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተ) እና በሐረር የዐብደላ ሸሪፍ ሙዚየም የዐረብኛና የዐጀም የእጅ ጽሑፎች አሉ። የትግራዩን ግን በዚያ ስፋት የጻፈው ገና አልመጣም።

መድረኮች

ለተማሪ ከሁሉም የሚቀርበው ነፃ መድረክ የሌላ ሰው ዲፌንስ ነው። ግብዣ አይጠይቅም፤ ገብቶ መቀመጥ ብቻ ነው። ፈታኞች ምን እንደሚጠይቁ፣ ተማሪው የት ላይ እንደሚርበተበት ሦስት ጊዜ ያየ ሰው የራሱ ቀን ሲደርስ ብዙም አይደናገጥም። ከዚህ ሌላ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደ አንድ ልምምድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ጥናትን በ3 ደቂቃና በአንድ ስላይድ የማቅረብ ውድድር ነው። ውድድሩ ባይኖርም ልምምዱ ይጠቅማል፤ ጥናቱን ለአጎቱ በ3 ደቂቃ ማስረዳት ያልቻለ ሰው ለስኮላርሺፕ ቃለ መጠይቅ አልተዘጋጀም።

ትልልቆቹን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ሮም ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ 20ኛውን ያካሄደው በመስከረም 2011 ዓ.ም. እዚያው መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ ከአገር አገር ይዞራል፤ የጥናት ጥሪው ቀደም ብሎ ይወጣል፤ የኲሓን ወይም የነጃሺን ርዕስ የያዘ ተማሪ ቦታው እዚያ ነው። የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበርና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ማኅበርም በየዓመቱ ጉባኤ አላቸው።

ማንበቢያና ማሳተሚያ

መጽሔት ለመክፈት 40 ዶላር ሲጠየቁ የሚተዉ ተማሪዎች ሪሰርችፎርላይፍ የሚባለውን ይጠይቁ። ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና፣ ኦአሬ ለአካባቢ፣ አርዲ ለቴክኖሎጂ፣ ጎአሊ ለሕግ ናቸው፤ ለአነስተኛ ገቢ አገራት ተቋማት በነፃ ይሰጣሉ። የሚሰጠው ለተቋሙ እንጂ ለግለሰብ ስላልሆነ የይለፍ ቃሉ የሚጠየቀው ከቤተ መጻሕፍቱ ነው።

ለማሳተም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሞሞና የተባለ የሳይንስ መጽሔት አለው፤ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን ላይ ይገኛል። ባልታወቀ ኢሜይል «ውድ ፕሮፌሰር» ብሎ ጀምሮ በ5 ቀን አሳትማለሁ፣ ይህን ያህል ዶላር ላክ የሚለው ግን ወጥመድ ነው። እዚያ የወጣ ጽሑፍ ለቅጥርም ለስኮላርሺፕም አይረዳም፤ ሌላ ቦታ እንዳይታተምም ያግዳል።

ሰነዱ

የድጋፍ ደብዳቤ ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ሲቀረው አይጠየቅም። አስተማሪ ሳለሁ ሐሙስ ማታ መጥተው ለዓርብ የሚፈልጉ ነበሩ፤ እንደዚያ የተጻፈ ደብዳቤ ስለማንም ሊሆን የሚችል ደብዳቤ ነው የሚሆነው። ስለ ልጁ አንድ እውነተኛ ነገር ለመጻፍ ሁለት ሳምንት፣ ከጥናቱ ሁለት ገጽና ሲቪው ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ግን የስማችሁን የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አድርጉ። መሐመድ የሚለው ስም ብቻውን በስድስት ሰባት ዓይነት ይጻፋል፤ ዐብዱረሕማን ደግሞ አንዳንዴ አንድ ቃል፣ አንዳንዴ ሁለት ሆኖ ይመጣል። ትራንስክሪፕቱ በአንድ፣ ፓስፖርቱ በሌላ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው በሦስተኛ ሆኖ ሲገኝ ተቋሙ ሦስት ሰዎች ናቸው ብሎ ይጠራጠራል። ፓስፖርት ገና ያላወጣ ሰው ትራንስክሪፕቱን በእጁ ይዞ፣ በእሱ ላይ ያለውን አጻጻፍ ፊደል በፊደል ያስመዝግብ። ፓስፖርት ያለው ደግሞ ለቶፍል ወይም ለአይኤልትስ ሲመዘገብ ፓስፖርቱን ይከተል፤ የፈተናው አዳራሽ የሚያስገባው በእሱ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሬጅስትራሩ ዘንድ ማስተካከያ ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ ክረምት ነው፤ ጥር ላይ ሁሉም ሰው እዚያው መስኮት ላይ ነው።